«ጠፋች» ያልናት ልጅ እና የባህሬን ቡድን
ለወጣት የስፖርት ጋዜጠኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ኦሎምፒክ ወይም ስለ ብሔራዊ ቡድናችን እንዳወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ አገር ቡድን ነው፤ በእስያ ጨዋታዎች ስለሚሰለፈው የባህሬን ቡድን። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የውድድሮቹ መዝገብ በዚያ ስለተያዘ ነው።

በ2006 የእስያ ጨዋታዎች ኳታር ዶሃ ላይ ይካሄዱ ነበር። በእኛ ኅዳር 1999 መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። እኔ ያን ጊዜ በአንድ ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ላይ እሠራ ነበር። የውጭ ዜና ወኪሎች የላኩትን ተርጉመን እናነባለን፤ ከዚያ የአድማጭ ስልክ እንቀበላለን። የዚያን ቀን ከዶሃ የመጣው ዜና «ባህሬናዊቷ ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች» ይላል። በ800 ሜትርም ወርቁን የወሰደችው እሷው ነበረች። ትውልደ ኢትዮጵያዊት መሆኗን አውቃለሁ። አውቄም በማይክሮፎኑ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ጨመርሁበት፤ «ባህሬን በገንዘብ የገዛቻት አትሌት» አልሁ። ከወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ዘፈን ሳናስገባ ስልኩ ጠራ። በድምፃቸው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የአርሲ ሰው እንደሆኑ ነገሩኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሰው ከብት ነው እንዴ የሚገዛው?»

ዝም አልሁ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ደግሞ ስሟን ለምን ትተኸዋል? ልጅቱ ዘነበች ናት። ዘነበች ቶላ። ያሸነፈችው እኮ በዘነበች እግር ነው።»

«እሺ አባቴ፣ አመሰግናለሁ» አልሁና ወደ ሌላ መስመር ተሻገርሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ያቺ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። ስለ ባህሬን ቡድን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና መያዝ የጀመርሁት ከዚያች ስልክ በኋላ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጅቱ ላስረዳችሁ፤ «የገዛቻት» ያልሁት ቃል ምን ያህል ሐሰት እንደነበር የሚታየው በእሷ ታሪክ ውስጥ ነውና። ዘነበች ቶላ በ1984 አርሲ ውስጥ ተወለደች። አርሲ ማለት ደራርቱ ቱሉን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ የዲባባ እህትማማቾችን ያፈራ ምድር ነው። በእንደዚያ ያለ አገር ጎበዝ ሯጭ መሆን ብቻውን ስም አያስጠራም። ዘነበች በ2002 ስዊዘርላንድ ሄዳ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ኑሮዋንና ልምምዷን ሎዛን አደረገች። በአውሮፓ የጎዳናና የመም ውድድሮች ላይ በራሷ ስም ትሮጥ ነበር። የ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ሲመጣ ግን አልተሰለፈችም። የምትሰለፍበት ባንዲራ አልነበራትም። ባህሬናዊት የሆነችው በ2005 ነው፤ ማርያም ዩሱፍ ጀማል የተባለችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ልብ በሉ፤ ከአገሯ ከወጣች ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው ባህሬን የመጣችው። ከኢትዮጵያ ቡድን ውስጥ በገንዘብ አባብሎ የወሰዳት ማንም የለም። እኔ በሬዲዮ ያወራሁት ስላልሆነ ነገር ነበር።

ከዶሃ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2007 ኦሳካ ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2009 በርሊን ላይ ደግሞ ደገመችው። የበርሊኑን ፍጻሜ ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ እዩት። በመጨረሻው ዙር የኛዋ ገለቴ ቡርቃ እየመራች ሳለ ስፔናዊቷ ናታሊያ ሮድሪጌዝ በውስጥ በኩል ልታልፍ ስትጋፋ ገለቴ ወደቀች። ሮድሪጌዝ ቀድማ ብትገባም ተሰረዘች፤ ሁለተኛ የገባችው ማርያም ወርቁን ወሰደች። ገለቴም የአርሲ ልጅ ናት፤ የኮፈሌ። አንዷ የአርሲ ልጅ መሙ ላይ ወድቃ ተነሥታ የመጨረሻ ሆና ስትገባ፣ ሌላዋ የአርሲ ልጅ በባህሬን ቀይና ነጭ ማልያ አንደኛ ተባለች። እኛ በዚያ ምሽት በስቱዲዮ ውስጥ ስለ ገለቴ አለቀስን። ማልቀሳችን ልክ ነበር። ስለ ሌላዋ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብበን አለፍን።

በለንደን ኦሎምፒክ በ2012 ማርያም ሦስተኛ ሆና ነሐስ ተቀበለች። አንደኛና ሁለተኛ የገቡት ሁለት የቱርክ ሯጮች ግን በአበረታች ቅመም ምክንያት ከዓመታት በኋላ ውጤታቸው ተሰረዘ፤ ወርቁም ለእሷ ሆነ። በዚያ ውድድር አምስተኛ ገብታ የነበረችው አበባ አረጋዊ ነበረች፤ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሳ። አበባም በኋላ ለስዊድን መሮጥ ጀመረች። ማርያም የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ናት። ብሔራዊ መዝሙር ግን በስታዲየሙ ውስጥ አልተዘመረላትም። የባህሬንም፣ የኛም።

አሁን ወደ ቡድኑ ልመለስ።

ባህሬን ስፋቷ 780 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የደሴት አገር ናት። አዲስ አበባ 527 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት፤ እንግዲህ አገሪቱ በሙሉ የከተማችን አንድ ተኩል ያህል ናት ማለት ነው። የሕዝቧ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆን ከግማሽ በላዩ የውጭ ዜጋ ነው። ነጻነቷን ያገኘችው በ1971 ነው። በእስያ ጨዋታዎች መካፈል የጀመረችው ከሦስት ዓመት በኋላ ቴህራን ላይ ነው። ጨዋታዎቹ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሕንድን የመሰሉ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ ስፖርተኞችን የሚያሰልፉባቸው ናቸው። ከአንድ የቻይና ወረዳ ያነሰ ሕዝብ ያላት አገር እዚያ ውስጥ ገብታ ስሟ እንዲጠራ ስትመኝ ምን ታደርጋለች? የሚመቻትን አንድ ስፖርት ትመርጣለች። ባህሬን አትሌቲክስን መረጠች። ሯጮቹን ደግሞ ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኢትዮጵያ አመጣች።

ይህን ያደረገችው ብቻዋን አይደለችም፤ ኳታርም በ2003 የኬንያውን ስቴፈን ቼሮኖን ሰይፍ ሰኢድ ሻሂን ብላ አሰልፋዋለች። የባህሬን የመጀመሪያው ትልቅ ስም ራሺድ ራምዚ ነበር፤ ሞሮኮ የተወለደ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ 800ንም 1,500ንም አሸነፈ። በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በዓመቱ በአበረታች ቅመም ተነጠቀ። የማርያም የለንደን ነሐስ በባህሬን ታሪክ ጸንቶ የቀረ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቡድኑን ሳስብ ግን መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የምትመጣው ሌላ ሴት ናት። ሩቅያ አል ጋስራ ትባላለች። ባህሬን የተወለደች፣ ባህሬን ያደገች ናት። በዚያው በዶሃ ጨዋታ፣ ዘነበች ሁለቱን ወርቅ ባገኘችበት፣ ሩቅያ 200 ሜትሩን አሸነፈች፤ በ100 ሜትር ደግሞ ነሐስ ወሰደች። ፀጉሯን ተሸፍና፣ ክንዷንና እግሯን እስከ ጫፍ የሚያለብስ ልብስ ለብሳ ነው የሮጠችው። በቤጂንግ ኦሎምፒክ መክፈቻ ባንዲራውን የያዘችው እሷ ናት። በአጭር ርቀት ስንት ሺህ ሴት በምታሠለጥን አህጉር ውስጥ ከዚያች ደሴት ተነሥታ አንደኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «የባህሬን ቡድን ሁሉ ግዢ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማነሣው የእሷን ስም ነው።

የእሷን ነገር ሳስብ ሌላም ጥያቄ ይመጣብኛል። በእስያ ጨዋታዎች አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ቦታ ከውጭ በመጡ ሯጮች ሲያዝ እዚያው ሙሐረቅ ወይም ማናማ ውስጥ የተወለደች ልጅ የት ትሰለፋለች? የኛ ልጆች እዚህ ተጨናንቀው ሲወጡ እዚያ የሚያጨናንቁት ሌላ ልጅ አለች። ይህን ለመወሰን ሳይሆን ሁለቱን ልጆች በአንድነት እንድታዩአቸው ነው የማነሣው።

መዝገቡን ስከታተል ያገኘሁትን አንድ መስመር ላንብብላችሁ። የእስያ ጨዋታዎች የሴቶች 1,500 ሜትር፤ 2006 ዶሃ፣ ዘነበች ወይም ማርያም። 2010 ጓንግዡ፣ ማርያም። 2014 ኢንቺዮን፣ ማርያም። 2018 ጃካርታ፣ ቃልኪዳን ገዛኸኝ። አራት ጨዋታ በተከታታይ፣ ከአርሲ ጀምሮ የአንድ አገር ልጆች፣ የሌላ አገር ባንዲራ።

በጓንግዡ የሴቶች 5,000 ሜትሩን ሚሚ በለጠ አሸነፈች፤ ኢትዮጵያ ተወልዳ ቤልጂየም ያደገች፣ ለባህሬን የሮጠች። በወንዶች 10,000 ሜትር ቢሊሱማ ሹጊ አንደኛ ወጣ። በኢንቺዮን ነገሩ ከዚያም አለፈ። የሴቶች 1,500ውንና 5,000ውን ማርያም ወሰደች፤ 10,000ውን ያሸነፈችው ደግሞ ለተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የሮጠችው አልያ ሰኢድ ናት። አልያም ኢትዮጵያ የተወለደች ናት፤ የቀድሞ ስሟ መዲና ቃዲር። በዚያ ዓመት የእስያ የሴቶች ረጅም ርቀት የተወሰነው በሦስት ሩጫ ነው ብንል፣ ሦስቱም ወርቅ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ተወልደው እዚህ መሮጥ የጀመሩ እግሮች ያመጡት ነው። በኛ የስፖርት ገጾች ላይ የትኛው ቀን፣ በስንት መስመር ነው የወጣው? እኔ ራሴ በሠራሁበት ዝግጅት ላይ አንድም ጊዜ ሦስቱን አንድ ላይ አልጠራናቸውም።

ጃካርታ ላይ ቃልኪዳን 5,000ውንም አሸንፋለች። በ1,500ው ከኋላዋ ሁለተኛ የገባችው ትዕግስት ጋሻው ናት፤ እሷም በባህሬን ማልያ። የወንዶች 5,000ውን ብርሃኑ ባለው ወሰደ። ያው ብርሃኑ በ2023 በተካሄደው የሃንግዡ ጨዋታ 5,000ውንም 10,000ውንም ወርቅ አደረገ።

ስለ ቃልኪዳን ትንሽ ልቆይ። በመጋቢት 2010፣ ገና 18 ዓመቷ ሳለ፣ ዶሃ ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን ልጅ ናት። ለኛ። በኛ ባንዲራ። ያን ጊዜ አየር ማረፊያ ሄጄ ድምፅ ቀድቻለሁ። ከዚያ በኋላ በኛ ወሬ ውስጥ ደበዘዘች። እንደገና ስሟን በደንብ የሰማነው በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው፤ 10,000 ሜትር፣ የብር ሜዳሊያ፣ ለባህሬን። ያን ፍጻሜ አስታውሱ። አንደኛ ሲፋን ሐሰን፣ አዳማ የተወለደች፣ ለኔዘርላንድስ። ሁለተኛ ቃልኪዳን። ሦስተኛ ለተሰንበት ግደይ፣ ከሁለት ወር በፊት ሄንግሎ ላይ በ29:01.03 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው የኛዋ። በሽልማት ሰገነቱ ላይ የቆሙት ሦስቱም ሴቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደዋል፤ ባንዲራው ሦስት ነበር። በአማርኛ ቢያወሩ ኖሮ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ ለሙያችሁ የሚሆን አንድ ነገር አለ። በጃካርታው የውጤት ወረቀት ላይ ቃልኪዳንን «ገዛኸኝ» ብላችሁ ብትፈልጓት አታገኟትም። «ቃልኪዳን በፈቃዱ» ተብላ ነው የተመዘገበችው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ መዝጋቢ ሦስቱን ስም አይቶ የመጨረሻውን ያነሣል። በዚህ ምክንያት በ2010 ያሸነፈችውና በ2018 ያሸነፈችው ሁለት ሰው የመሰላቸው ጋዜጠኞች ነበሩ። የውጭ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። በፈቃዱ የአያት ስም ሊሆን እንደሚችል አይቶ የሚጠረጥረው አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

በእኛ ዘንድ አትሌት ውጭ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር የምንለው ቃል አንድ ነው፦ «ጠፋ»፣ «ጠፋች»። በሆቴሉ አዳራሽ አሰልጣኙ ሲቆጥር አንድ ሰው ጎደለ፣ ሻንጣው የለም፣ ጠፋ። ቃሉ ለሄደው አይሠራም። እሱ የት እንዳለ ያውቃል። ጠፋ የሚለው የቀረው ሰው ነው፤ የሚፈልገው። እኔን የሚያሳዝነኝ ጠፋች ብለን ስናበቃ መፈለጉን መተዋችን ነው። የጠፋች ከብት እንኳ ሦስት ቀን ትፈለጋለች። ዘነበች በቴሌቪዥን ላይ፣ በዓለም ፊት፣ በሙሉ ብርሃን ስትሮጥ ነው «ጠፋች» የምንላት።

ለምን ሄዱ የሚለውን ሁላችሁም ትጠይቃላችሁ፤ መጠየቅም ይገባችኋል። መልሱ አንድ አይደለም። ዘነበች ጥገኝነት ጠይቃ ነው የወጣችው፤ ሚሚ ገና ልጅ ሳለች ነው አውሮፓ የገባችው፤ ሌሎቹ በማናጀር፣ በሥልጠና ጣቢያ፣ በውል ነው የሄዱት። ብዙዎቹን ግን የሚያገናኛቸው ቁጥር 3 ነው። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 ሰው በላይ አያሰልፍም። ለብዙ አገሮች ይህ ቁጥር ሰፊ ነው፤ ሚኒማውን፣ ማለትም ለመሰለፍ የሚጠየቀውን ሰዓት፣ የሚያሟላ ሦስተኛ ሰው አያገኙም። በኛ 5,000 እና 10,000 ግን አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ፣ ሰባተኛዋም ሜዳሊያ ማምጣት የሚችሉ ናቸው። ማጣሪያ ላይ በአንድ ሰከንድ የተቀደመች ልጅ አራት ዓመት ትጠብቃለች። አራት ዓመት ለሯጭ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

እኔ እንዲህ ያለች ልጅ አውቃለሁ። ስሟን አልጠራም፤ በሕይወት አለች፣ ሰላማዊ ኑሮ እየኖረች ነው። በአንድ ክለብ አብረን ስንሠለጥን የአዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ ሥር ጫማዋን እያሰረች «አራተኛ ሆኜ ከምሞት…» ብላ ንግግሯን ሳትጨርስ ተነሣች። በሚቀጥለው ዓመት ሄደች። ወደ የትኛው አገር እንደሄደች የነገረኝ ሰው «ጠፋች» አለኝ። እኔም እንደዚያው ብዬ ለሌላ ሰው አወራሁ።

ሕጉንም እወቁት። በዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378/1996 መሠረት (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ይተዋል። ጥምር ዜግነት የለንም። ስለዚህ ማርያም ዩሱፍ ጀማል አርሲ ዘመድ ጥየቃ ብትመጣ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ናት። አገሪቱ ግን በሩን ጨርሶ አልዘጋችውም፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ትሰጣለች፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን። ሕጉ ራሱ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። እኛ ጋዜጠኞች ያንኑ ስም ለመጻፍ መንግሥት ከፈቀደው በላይ ስንጠነቀቅ ኖረናል።

ስለ ባህሬን የማወራው እንደ ልግስና እንዳይመስላችሁ። በዚያችው ደሴት ላይ ሌሎች የኛ ልጆች አሉ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ። እድሜያቸው ከሯጮቹ ጋር እኩል ነው፤ የብዙዎቹ ትውልድ ቦታም አንድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በከፋላ ሥርዓት የገባች ልጅ ኑሮዋ በአሠሪዋ ላይ የታሰረ ነው፤ ሕግ ቢከለክልም ፓስፖርቷን አሠሪው የሚይዝባት ብዙ ናት። አንዷ በ4 ደቂቃ ውስጥ 1,500 ሜትር ስለምትሮጥ አዲስ ፓስፖርት ይሰጣታል፤ ሌላዋ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ስለምትሮጥ የያዘችውም ይወሰድባታል። ሁለቱም የኛ ናቸው። ሁለቱንም በእኩል ዓይን ካላየን አንዷንም አላየናትም።

የቡድኑንም ጥፋት መሸፈን የለባችሁም። ከጃካርታ በኋላ በ400 ሜትር መሰናክል አንደኛ የወጣችው ናይጄሪያ የተወለደችው ኬሚ አዴኮያ በአበረታች ቅመም ተይዛ ወርቋ ወደ ቬትናም ሄደ፤ የ4 በ400 ድብልቅ ዱላ ቅብብሉም ወርቅ ተነጥቆ ለሕንድ ተሰጠ። በሪዮ ኦሎምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ያሸነፈችው ኬንያ የተወለደችው ሩት ጄቤትም በኋላ ታግዳለች። ወጣት ሯጭን ከአገሩ አውጥተህ፣ ቤተሰቡ በሌለበት፣ ውጤት ካላመጣ ዋጋ እንደሌለው እያሳወቅህ ስታኖረው ምን ዓይነት ሰው እጅ ላይ እንደሚወድቅ መገመት ይቻላል። ይህ ያጠፋውን ነጻ አያወጣም። ጥፋቱ የሚጀምርበትን ቦታ ግን ያሳያል።

የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል ይህን አይቶ በየካቲት 2017 የዜግነት ዝውውርን በሙሉ አገደ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ደንብ አወጣ፦ አትሌቱ 20 ዓመት ሳይሞላው አይዛወርም፣ ሦስት ዓመት ይጠብቃል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይለውጥም፣ ጉዳዩን አንድ ኮሚቴ ይመረምራል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የዕድሜው ነው። የ16 ዓመት ልጅ አባቱ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ መፈረም የለበትም።

እንግዲህ እናንተን የምለምናችሁ ይኸውና። በመስከረም 2026 የእስያ ጨዋታዎች ጃፓን፣ አይቺና ናጎያ ላይ ይካሄዳሉ። የኛ አገር አትሳተፍም፤ አለቃችሁ «ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ሁለት መስመር አድርጉት» ሊላችሁ ይችላል። የመነሻ ዝርዝሩ እጃችሁ ሲገባ ከ800 ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ ስም በስም አንብቡ። ባህሬን ያለበትን፣ ኤምሬትስ ያለበትን፣ ሌላውንም። ስሙ አረብኛ ቢሆንም የትውልድ ዓመቱንና የትውልድ አገሩን ፈልጉ። የቀድሞ ስሟን ስታገኙ አዲሱን ስም አትሰርዙባት፤ አዲሱ ስም የእሷ ነው፣ መርጣዋለች፣ ሮጣበታለች፣ ሃይማኖትና ትዳር ያለበት ስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ። «ማርያም ዩሱፍ ጀማል፣ አርሲ ዘነበች ቶላ ተብላ የተወለደችው» ብሎ ለማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እኔ በተግባር ሞክሬዋለሁ፤ አራት ሰከንድ ነው።

የትውልድ ቦታዋን ስትጠሩ ወረዳውን ጥሩ። «ትውልደ ኢትዮጵያዊት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የሚሰማችሁ ሰው ባለበት ወረዳ አንድ ሬዲዮ ይኖራል፤ ሬዲዮው አጠገብ አንድ እናት ትኖራለች። ስታሸንፍም፣ ስትሸነፍም፣ ቅመም ወስዳ ብትያዝም እኩል ጥሩ። ደግሞ «የገዛቻት» አትበሉ። «ከዳች»ም አትበሉ። ለማን ልትታመን ነበር? በ3 ቦታ ላይ 7 ሰው ላሰለፈው ማጣሪያ?

ቢቻል ደግሞ አንድ መዝገብ ብትጀምሩ። ለሌሎች አገሮች የሮጡ ኢትዮጵያ የተወለዱ አትሌቶች በሙሉ፣ ስማቸው በአማርኛ ፊደል፣ የተወለዱበት፣ መጀመሪያ የሠለጠኑበት ክለብ፣ የመጀመሪያ አሰልጣኛቸው፣ የወጡበት ዓመት፣ ያገኙት ሜዳሊያ። እኔ በደብተር የያዝሁት አለ፤ ያልተሟላ ነው፣ እዚህ አምጥቼዋለሁ፣ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ይችላል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ዘነበች፣ ሚሚ፣ ቢሊሱማ ናቸው። ብዙ ክፍት ቦታ አለው። አሰልጣኞቹ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹ አልፈዋል፤ ቶሎ ካልጠየቃችኋቸው የመጀመሪያውን ጫማ ማን እንደገዛላት የሚነግራችሁ አይገኝም።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ስለ ደዋዩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ምናልባት ሊረዳኝ ይችል ይሆናል። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ወደ ዘፈን ስሄድ የዘነበችን ስም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት በዝግጅቱ መግቢያ ላይ ስሟን በሙሉ ጠርቼ ስሕተቴን አረምሁ። እሳቸው እየሰሙ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደውለው ከሆነም መስመሩ ተይዞባቸው ይሆናል። ዘነበችን በስሟ እንድጠራት ያስተማሩኝን ሰው ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም ነበር።